ስለ ኮምፒዩተር ትምህርትና ስለ ሥራ ልምምድ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ቍጥር እየበዛ በመሄዱ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ የተባለውን ጥበብ እስከ ሁለተኛው ዲግሪ፣ ማለት ማስተርስ እስከሚባለው ማዕርግ ድረስ የሚከታተሉ ወጣቶች ተበራክተዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ትምህርታቸውን ፈጽመው ማዕርጉን ተቀብለው ወደ መሥሪያ ቤት ከሚገቡት መካከል፣ የተማሩትን በቃል ሲጠየቁ ሳያመነቱ የሚመልሱ፣ ሥራው በእጃቸው ሲሰጥ ግን ከወዴት እንደሚጀመር የሚጨነቁ መኖራቸውን አለቆቻቸው ያውቃሉ፤ ወጣቶቹም ራሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ ዛሬ ልናመለክት የምንወደው፣ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ሳለ እጁን ከሥራ ጋራ የሚያለማምድበት መንገድ ምን እንደ ሆነና፣ በዚህም ነገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩን መሠረት ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ መመልከት ይበቃል። በ1936 ክሎድ ሻነን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመማር ገባ። የተሰጠውም የረዳትነት ሥራ መምህሩ ቫኔቨር ቡሽ ያሠሩትን ታላቅ የስሌት መኪና መጠበቅና ማሰናዳት ነበር። መኪናው በዘንግና በጥርስ የሚዞር ሲሆን፣ አካሄዱን የሚያዝዘው ክፍል ግን ሪሌ ከሚባሉ ከመቶ ከሚበልጡ የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያዎች የተሠራ ነበር። ወጣቱ እነዚህ ሲከፈቱና ሲዘጉ ዕለት ዕለት ሲመለከት፣ ቀድሞ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ክፍል የሰማው የጆርጅ ቡል የሎጂክ ሒሳብ ትዝ አለው። በዚያ ሒሳብ ነገር ሁሉ ወይ እውነት ወይ ሐሰት ነው፤ በሪሌውም ዘንድ መንገዱ ወይ ክፍት ወይ ዝግ ነው። እንግዲያስ በቡል ሒሳብ የኤሌክትሪክን መንገድ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል ማለት ነው። ይህን ዐሳብ በ1937 በማስተርስ ጽሑፉ ላይ አስረድቶ አቀረበው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ የሚነደፈው በዚሁ ብልሃት ነው።

የቡል መጽሐፍ ከታተመ ከ1854 ጀምሮ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ፈላስፎችም አንብበውታል። ሪሌውንም የስልክ ሠራተኞች ለብዙ ዘመን በእጃቸው ሲነካኩት ኖረዋል። መጽሐፉን ያነበበው መኪናውን አልነካም፤ መኪናውን የነካው መጽሐፉን አላነበበም። ሻነን ግን ሁለቱንም በአንድ ወቅት ስላገኘ የሁለቱን አንድነት ለማየት ቻለ። (በጃፓንና በሩሲያ በዚያው ዘመን ወደዚሁ ዐሳብ የቀረቡ ሰዎች እንደ ነበሩ ልንሸሽግ አንወድም፤ እነርሱም ቢሆኑ ከመክፈቻና ከመዝጊያው መንገድ ጋራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።)

ሁለተኛውን ምሳሌ ከፊንላንድ እናመጣለን። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1988 ወደ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1991 መጀመሪያ ላይ የራሱን ኮምፒዩተር ገዝቶ፣ ከቤቱ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲው መኪና ጋራ የሚገናኝበትን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሣ። ይህ ፕሮግራም ፋይል ማስቀመጥ አስፈለገው፤ ፋይል ለማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ክፍል መጻፍ ግድ ሆነ፤ እንዲህ እያለ ሥራው እያደገ ሄዶ የኮምፒዩተርን መላ አካል የሚያስተዳድር ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ተወለደ። ልጁ ያለ መጽሐፍ አልሠራውም፤ አንድሩ ታነንባም የተባሉት የኔዘርላንድ መምህር ስለዚህ ጥበብ የጻፉትን መጽሐፍ አንብቦ፣ ለማስተማሪያም ያዘጋጁትን ሚኒክስ የተባለውን አነስተኛ ሥርዓት መርምሮ ነበር። የማስተርስ ጽሑፉን ያቀረበው ግን በ1997 ነው፤ ርእሱም ሊኑክስን ከአንዱ ዐይነት መኪና ወደ ሌላው ዐይነት ስለ ማዛወር ነበር። አስቀድሞ ሠራ፤ በኋላም ስለ ሠራው ጻፈ። ዛሬ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የታወቁት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚተዳደሩት በሊኑክስ ሲሆን፣ አንድሮይድ የሚባሉትም የኪስ ስልኮች ውስጣቸው ይኸው ነው።

ማንም ተማሪ ሻነንን ወይም ቶርቫልድስን እንዲሆን አይጠበቅበትም። እነዚህን የጠቀስናቸው የሥራ ልምምድ ከትምህርቱ የሚተርፍ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚደረግ ነገር መስሎ ለሚታያቸው ሰዎች ነው።

አሁን ደግሞ የሥራ ልምምድ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መናገር ይገባናል፤ በዚህ ስም ብዙ ዐይነት ነገር ይጠራልና። አንድ ተማሪ ሌላ ሰው በሌላ አገር ሰብስቦ፣ አጥርቶና አበጥሮ ያስቀመጠውን የቍጥርና የጽሑፍ ክምችት ከኢንተርኔት ያወርዳል። በዚያም ላይ ሦስት ወይም አራት የታወቁ ዘዴዎችን ይሞክርና ይኸኛው ከዚያኛው በመቶ ይህን ያህል በለጠ ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ይህ ትምህርት አይደለም አንልም። ነገር ግን ተማሪው ያላየው ነገር ብዙ ነው፤ ክምችቱ እንዴት እንደ ተሰበሰበ አላየም፤ የሚገለገልበትን ሰው አላነጋገረም፤ የሠራው ነገር በማግስቱ ሲበላሽ ተጠርቶ አላበጀም። በእኛ ዐሳብ የሥራ ልምምድ የሚባለው ሥራው ባለቤት ሲኖረው፣ ማለት ሥራው ባይሠራ የሚጐዳ ሰው ሲኖር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። አንድ የማስተርስ ተማሪ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ስም የሚፈልግ ፕሮግራም እንዲሠራ ተሰጠው እንበል። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ስም መፈለግ ቀላል ነገር ነው፤ የተጻፈው ቃል ከተጠየቀው ቃል ጋራ ልክ ለልክ ከተስማማ ተገኘ፣ ካልተስማማ የለም ይባላል። ወደ መዝገቡ ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም አንዱ ጸሓፊ በብዙኃኑ ኃ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ጽፎታል። የግእዙንና የራብዑን ፊደል ልዩነት ጨምረን ብንቈጥር የመጀመሪያው ፊደል ብቻ በ6 ዐይነት ሊጻፍ ይችላል። ሥላሴ የሚለው ደግሞ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሲጻፍ 12 ይሆናል፤ ሁለቱን ቃል አንዱ ገጥሞ፣ ሌላው ለያይቶ ሲጽፈው 24 ይሆናል። ለሰው ዐይን አንድ የሆነው ስም ለመኪናው 24 ስም ነው። ባለጉዳዩ ርስቱን ወይም የልደቱን ማስረጃ ፍለጋ መጥቶ፣ መዝገቡ ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ ስምህ የለም ተብሎ ይመለሳል።

ተማሪው ይህን ባየ ጊዜ መድኀኒቱ ቀላል ይመስለዋል፤ ሀን፣ ሐንና ኀን አንድ አድርጎ፣ ሠንና ሰን አንድ አድርጎ፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደዚሁ አጋጥሞ መፈለግ ነው። ለወረዳው የስም መዝገብ ይህ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ይኸንኑ ፕሮግራም ለግእዝ መጻሕፍት ልጠቀምበት ቢል፣ ሊቃውንቱ ወዲያው ያስቆሙታል፤ በንጉሡ ሠ ሠረቀ ቢል ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ቢል የሌባ ሥራ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ግን ለመነ ነው። ያው አንድ ዘዴ በአንዱ ቤት ፈውስ፣ በሌላው ቤት ጥፋት ይሆናል። ይህን ልዩነት ተማሪው ከባለጉዳዩና ከባለሙያው ዘንድ ሄዶ ካልጠየቀ በቀር ማንም ውጭ አገር የተጻፈ የኮምፒዩተር መጽሐፍ አይነግረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባ ከ1999 ጀምሮ በማናቸውም መኪና ላይ መጻፍ ተችሏል፤ የተጻፈውን መፈለግና ማረም ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

እንደዚሁም የቀን አቈጣጠር አለ። ባለ 12 ወር ዘመን የለመደ ፕሮግራም ጳጉሜንን አያውቃትም። ቢያውቃትም 5 ቀን ብቻ አድርጎ ይቈጥራትና፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን ሲመዘገብ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ይስቅ ይሆናል፤ የሕፃኑ አባት ግን አይስቅም። ከዚህም ሌላ ውጭ አገር የተሠሩ ቅጾች የቤተ ሰብ ስም ሙላ ይላሉ፤ የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ በሥራ ላይ አግኝቶ ካስተካከለው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ ሌላም መሥሪያ ቤት ሲገባ ገና ሥራውን ሳይጀምር ይጠይቃል።

ይህ ዐይነት አስተማመር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከተማረ በኋላ፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ ብቻ ሲያጠና የከረመ ሰው ባለቅኔ ተብሎ አይጠራም።

በሌላው ዓለም የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይህን በልዩ ልዩ መንገድ አደራጅተውታል። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1953 የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ስለ ስሌት መኪና የአንድ ዓመት ትምህርት ሲከፍት፣ ከ1949 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ኤድሳክ የተባለው መኪና እዚያው በግቢው ውስጥ ነበር። በካናዳ በ1957 የተከፈተው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አንዱን ወቅት በትምህርት ቤት፣ አንዱን ወቅት በሥራ ቦታ እያፈራረቀ እንዲያሳልፍ ከመጀመሪያው ወስኖ ተነሣ። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1989 በጀመረው የሶፍትዌር ምሕንድስና ማስተርስ ላይ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እውነተኛ ባለጉዳይ ላለው ሥራ ይመደባሉ፤ መምህራኑም ሥራቸውን እየተከታተሉ ይገሥጿቸዋል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ2011 በኪጋሊ ቅርንጫፉን በማቋቋሙ ዘዴው ወደ አፍሪቃም ደርሷል። እኛም የምንመክረው አንዱን መንገድ እንደ ወረደ መቅዳት አይደለም፤ የእኛ የማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውል፣ ማታና በዕረፍት ቀን የሚማር ሰው ስለ ሆነ ነገሩ ከሌላው ይለያል። ይህም ጕዳት ብቻ ተደርጎ የሚቈጠር አይደለም። ተማሪው የሚውልበት መሥሪያ ቤት ችግር በየቀኑ ዐይኑ ሥር ነውና ለጽሑፉ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ነገሩ በተለይ በዚህ ጊዜ የሚያሳስብበት ሌላ ምክንያት አለ። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው ከታየ ወዲህ፣ በቃል ሲነገረው ፕሮግራም የሚጽፍ መኪና በየተማሪው እጅ ገብቷል። ቀድሞ ተማሪው አንድ ሳምንት የሚደክምበትን ኮድ መኪናው በጥቂት ደቂቃ ይጽፍለታል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው እንግዲህ የእጅ ልምምድ ምን ያደርጋል ይላሉ። እኛ ግን የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። መኪናው የጻፈው ነገር የሚያምርና የሚሮጥ ሆኖ ሳለ በውስጡ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል። ጳጉሜንን የረሳ ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ በሰላም ይሠራና ጳጉሜን ስትገባ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያውቀው ቀድሞ በሥራ ላይ ስሕተት ያገኘና ያረመ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ሳለ አንድም ቀን የራሱን ሥራ ለባለጉዳይ አስረክቦ የማያውቅ ሰው፣ መኪናው የጻፈለትን በምን ይመዝነዋል? ኀላፊነቱስ የማን ይሆናል? መኪናው ፊርማ የለውም።

ከመምህራን ወገን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ እርሱንም ሳንመልስ ማለፍ አይገባም። ማስተርስ የዕውቀት ማዕርግ ነው፣ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ አይደለም፤ ተማሪውን በየመሥሪያ ቤቱ ብንበትነው ሒሳቡንና መሠረቱን የሚማርበት ጊዜ ያጣል ይላሉ። በዚህ ላይ እውነት አለበት። ሻነን የቡልን ሒሳብ ባይሰማ ኖሮ ከመኪናው ጋራ ሃያ ዓመት ቢውል ያንን ጽሑፍ አይጽፍም ነበር። ስለዚህ ሥራው የትምህርቱን ሰዓት ይብላ አንልም፤ የምንለው የመመረቂያ ጽሑፉ ከእውነተኛ ሥራ ላይ ይነሣ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛን ጽሑፍ በመኪና ስለ ማስነበብ፣ ንግግርንም ወደ ጽሑፍ ስለ መለወጥ ከ20 ዓመት በላይ ብዙ የማስተርስ ጽሑፎች ቀርበዋል፤ የሚያስመሰግንም ድካም ነው። እንግዲህ ተከታዩ ተማሪ ከባዶ ከሚጀምር ይልቅ፣ ቀዳሚው የሰበሰበውን ቃልና የጻፈውን ኮድ ተረክቦ ቢቀጥል የሦስት ሰው ሥራ ተደምሮ አንድ የሚያገለግል ነገር ይወጣዋል። ጽሑፉ ሲቀመጥ ኮዱም አብሮ እንዲቀመጥ ቢታዘዝ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። ከ1973 ጀምሮ በፊልም የተነሡት በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትም እንዲህ ላለው ሥራ የሚሆን ሰፊ እርሻ ናቸው፤ በዚያ ግን የኮምፒዩተሩ ተማሪ ከብራናው ሊቅ ጋራ አብሮ ካልተቀመጠ ዐይነቱን ከዐይነቱ አይለየውም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶች እንመለስ። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር፣ በ2018 በሕንድ አገር በባንጋሎር ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፣ ማንኛውም የማስተርስ ተማሪ ዛሬ ማታ ገልጦ ሊያነበው፣ እንዴት እንደ ተገነባ ሊመረምረው፣ የጐደለ ቢያገኝ ለሠሪዎቹ ሊያመለክት ይችላል። ሚሊዮን ሕዝብ የሚመዘገብበት ሥርዓት ውስጡ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የመማሪያ መጽሐፍ የለም፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ግን የመዝገቡ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ተማሪ መጥቶ መረጃ ሲጠይቃቸው የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመዝገቡ ያለው የሰው ስም፣ የሰው ደዌ፣ የሰው ሀብት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ከወጣ ወዲህ ፍርሀቱ የሕግም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ መከልከልና መጠበቅ አንድ አይደሉም። ስሙና ቍጥሩ ተሸፍኖ፣ ወይም መዝገቡን የሚመስል በሐሰት ስም የተሞላ ናሙና ተሰናድቶ ሊሰጠው ይችላል፤ ተማሪው ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ እዚያው እንዲሠራም ማድረግ ይቻላል። የሰውን ምስጢር እየጠበቁ መሥራት ራሱ በማስተርስ ትምህርት ሊለመድ ከሚገባው አንዱ ነው፤ ተማሪው ዛሬ ካልለመደው ነገ ሹም ሆኖ ሲመጣ አይጠብቀውም።

ሌላው ልናስጠነቅቅበት የምንወደው ነገር፣ ልምምድ በሚል ስም ተማሪን በነጻ ጕልበት መጠቀም ነው። ለስድስት ወር ወረቀት ሲያትምና የአለቆቹን ኮምፒዩተር ከቫይረስ ሲያጠራ የከረመ ተማሪ፣ ልምምድ አድርጓል የሚል ደብዳቤ ቢሰጠው፣ ደብዳቤው ሁለቱንም ወገን ያታልላል። መምህሩ በወር አንድ ጊዜ ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ የተሠራውን በዐይኑ ቢያይ ይህን መከላከል ይችላል። ሥራውም አንድ ተማሪ በስድስት ወር ሊጨርሰው የሚችል ትንሽ መሆን አለበት። መላውን መሥሪያ ቤት ዲጂታል አድርግ ተብሎ የሚሰጥ ትእዛዝ ለተማሪ ቀርቶ ለትልቅ ኩባንያም ከባድ ነው፤ ከደብዳቤ መዝገብ ቤት የጠፋ ፋይል ቶሎ የሚገኝበትን መንገድ ሥራ ቢባል ግን ይሠራዋል።

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የማስተርስ ተማሪ የጽሑፉን ርእስ የሚመርጠው አንደኛውን ዓመት ጨርሶ ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራለት ተማሪ ቢፈልግ ጥያቄውን ከክረምቱ በፊት፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ለትምህርት ክፍሉ ቢያደርስ መልካም ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ችግሩ ምን እንደ ሆነ፣ በየቀኑ ስንት ባለጉዳይ እንደሚያጕላላ፣ ምን ዐይነት መዝገብ ሊታይ እንደሚፈቀድ ይጻፍበት። ከሁሉም ይልቅ፣ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ሄዶ የሚጠይቀው፣ መዝገቡን ለዓመታት በእጁ የያዘው ጸሓፊ ማን እንደ ሆነና በስንት ሰዓት እንደሚገኝ አይዘንጋ።